የት እንዳለ ያልታወቀ ፕሮክሲ ሰርቨር፦ ፈልጎ የማግኘትና ወደ አዲስ ስሪት የማዛወር የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ

ቦታው አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ሁለት የኮምፒውተር ክፍሎችና የአስተዳደር ቢሮዎች ተደምረው 45 ኮምፒውተሮች አሉት። ሁሉም ኢንተርኔት የሚያገኙት በአንድ የፋይበር መስመር ሲሆን መሃል ላይ የኮምፒውተሮቹን ጥያቄ ተቀብሎ ወደ ኢንተርኔት የሚያስተላልፍ ፕሮክሲ ሰርቨር አለ። ሰርቨሩን የተከለው ባለሙያ ሥራ ከለቀቀ ቆይቷል፤ የይለፍ ቃልም ሆነ የኔትዎርክ ንድፍ አላስረከበም። በቦታው የተቀጠረችው ጀማሪ ባለሙያ ዊንዶውስ በደንብ ታውቃለች፣ ሊኑክስ ግን ነክታ አታውቅም። የተሰጣት ሥራ «ፕሮክሲው አርጅቷል፣ አፕግሬድ አድርጊው» የሚል ነበር። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ለመሆኑ ሰርቨሩ የታለ?» የሚል ሆነ፤ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም።

ቅሬታው ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንድ ቀን ጠዋት ኢንተርኔት ጨርሶ አይኖርም፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት ሲሆን ማንም ሳይነካው ይመጣል። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ደግሞ ክፍሎቹ ሲሞሉ አንድ ገጽ ለመክፈት ደቂቃ ይፈጃል። ሁለቱም በስሪቱ ማርጀት ተሳብበው ነበር። ስሪቱ በእርግጥ አርጅቷል፤ ግን ሁለቱንም ችግሮች ያመጣው እሱ አልነበረም። በዚህ ጉዳይ ትልቁ ነጥብም ይኸው ነው፦ አሮጌው ሰርቨር ምን እንደሚሠራና ለምን እንደሚታመም ሳይታወቅ ስሪቱ ብቻ ቢቀየር፣ ሕመሙ ከነማዋቀሪያ ፋይሉ ወደ አዲሱ ይሻገራል።

ትእዛዞቹን እዚህ የጻፍናቸው በድምፃቸው ነው። ኪቦርድ ላይ በትንንሽ የላቲን ፊደላት ይጻፋሉ፤ ሰረዝ፣ ነጥብና እዝባር ግን እንዳሉ ናቸው።

ከተጠቃሚው ኮምፒውተር ወደ ሰርቨሩ

ፕሮክሲ የሚፈለገው ከሚጠቀምበት ኮምፒውተር ተነስቶ ነው። ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኔትዎርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ከዚያ ፕሮክሲ ይከፈታል። ክሮምና ኤጅ የሚከተሉት ይህንን ነው፤ ፋየርፎክስ ግን የራሱ ማስተካከያ ስላለው ለብቻው መታየት አለበት። ከበስተጀርባ የሚሠሩ አንዳንድ የዊንዶውስ አገልግሎቶች ደግሞ ሌላ ቦታ የተቀመጠ አድራሻ ይጠቀማሉ፤ እሱን «ኔትሽ ዊንኤችቲቲፒ ሾው ፕሮክሲ» የሚለው ትእዛዝ ያሳያል። አንድ ኮምፒውተር ላይ ብሮውዘሩ እየሠራ ዝማኔው ብቻ ሲቆም መጀመሪያ የሚጠረጠረው የእነዚህ ሁለቱ አለመመሳሰል ነው።

እዚህ በእጅ የሚሞላው የፕሮክሲ ሳጥን ባዶ ነበር። የማዋቀሪያ ስክሪፕት የሚለው ግን በርቷል፤ አድራሻው ራውተሩ ላይ የተቀመጠ የፓክ ፋይል (ብሮውዘሩ በየትኛው ፕሮክሲ እንደሚወጣ የሚነግር ፋይል) ነው። አድራሻው ብሮውዘር ላይ ሲለጠፍ ፋይሉ ይወርዳል፣ በኖትፓድ ይከፈታል። ከጥቂት መስመሮቹ የመጨረሻው «ፕሮክሲ 192.168.10.5:3128፤ ዳይሬክት» ይላል። 3128 ስኩዊድ የሚባለው የፕሮክሲ ፕሮግራም የሚጠቀምበት የተለመደ ፖርት ስለሆነ ማን እንደሆነ ከወዲሁ መጠርጠር ይቻላል። «ዳይሬክት» የሚለው ቃል ደግሞ ፕሮክሲው ካልመለሰ ብሮውዘሩ በቀጥታ እንዲወጣ ይፈቅዳል። ራውተሩ ላይ ቀጥታ መውጣት የተፈቀደላቸው የቢሮ ኮምፒውተሮች ፕሮክሲው ሲሞት ምንም የማይሰማቸው ለዚህ ነው። «እኛ ጋ ይሠራል» የሚለው መልስ ባለሙያዋን ሲያደናግር የቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስሪቱን ለማወቅ ሰርቨሩ ውስጥ መግባት አያስፈልግም። ብሮውዘር ላይ የሌለ ስም በኤችቲቲፒ ይከፈታል፤ በኤችቲቲፒኤስ ከሆነ የፕሮክሲው የስህተት ገጽ አይታይም። የስህተት ገጹ ግርጌ ላይ ገጹ የተፈጠረበት ሰዓት፣ የሰርቨሩ ስምና በቅንፍ ውስጥ ስሪቱ ይነበባል። እዚህ የተነበበው ስኩዊድ 3.5.12 ነው። ሰዓቱ በግሪንዊች ነው፦ ገጹ 07:00 ካለ በእኛ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ማለት ነው። አንዳንድ አስተዳዳሪዎች ስሪቱ እንዳይታይ ይደብቁታል፤ ያኔ ስሙ ብቻ ይገኛል።

ቀጥሎ አካሉ ይፈለጋል። «ፒንግ 192.168.10.5» ተብሎ ወዲያው «ኤአርፒ -ኤ» ሲባል የዚያ አድራሻ ማክ ቁጥር፣ ማለትም የኔትዎርክ ካርዱ መለያ፣ ይወጣል። የማክ ቁጥር የመጀመሪያ ሦስት ጥንዶች የአምራቹ መለያ ናቸው፤ እዚህ 08-00-27 ሆነው ተገኙ። ይህ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስኬደው የቨርቹዋልቦክስ ፕሮግራም መለያ ነው። ስለዚህ የሚፈለገው ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ የሚሠራ ቨርቹዋል ማሽን እንጂ ለብቻው የቆመ ሰርቨር አልነበረም። ይህን ሳያውቅ ሰርቨር ክፍሉን ቀኑን ሙሉ ቢፈትሽ አያገኘውም። በሌላ ቦታ 00-0ሲ-29 ከታየ ቪኤምዌር፣ 00-15-5ዲ ከታየ ሃይፐር-ቪ፣ 52-54-00 ከታየ ኬቪኤም ነው።

ስዊቹ ማኔጅድ (ገብተው መረጃውን የሚያዩት ዓይነት) ስለነበር በማክ ሠንጠረዡ ያ ቁጥር በየትኛው ፖርት እንደሚገባ ታየ። በአንድ ፖርት ላይ ሁለት ማክ ቁጥሮች ተመዝግበዋል፤ አንዱ የቨርቹዋል ማሽኑ፣ ሌላው የተሸካሚው ኮምፒውተር። ስዊቹ ማኔጅድ ባይሆን ኖሮ ተማሪዎች ከወጡ በኋላ «ፒንግ 192.168.10.5 -ቲ» እየሄደ ኬብሎቹን አንድ በአንድ መንቀል ነው፤ ፒንጉ የተቋረጠበት ኬብል የሱ ነው። አሰልቺ ቢሆንም አይሳሳትም። እየነቀሉ ኬብሉ ላይ ቁጥር መለጠፍን ግን አይርሱ።

ኬብሉ የሚያደርሰው ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። እዚያ የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ በየቀኑ የምትጠቀምበት ዴስክቶፕ አለ፤ ቨርቹዋል ማሽኑ የሚነሳው ዊንዶውስ ስታርትአፕ ፎልደር ውስጥ በተቀመጠ አቋራጭ ነው። እሷ መጥታ የይለፍ ቃሏን ስታስገባ ፕሮክሲው ይነሳል፤ ስታረፍድ ወይም ፈቃድ ስትወጣ ትምህርት ቤቱ ያለ ኢንተርኔት ይውላል። የጠዋቱ ችግር መልስ ይህ ነው፤ ከስኩዊድ ስሪት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ሳይነኩ በፊት

የመጀመሪያው ሥራ ቅጂ መያዝ ነው። ቨርቹዋል ማሽኑ በሥርዓት ተዘግቶ ከቨርቹዋልቦክስ የፋይል ዝርዝር «ኤክስፖርት አፕላያንስ» በሚለው ሙሉው በውጫዊ ዲስክ ተቀመጠ። ከዚህ በኋላ ምን ቢበላሽ መመለሻ አለ።

የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ስላልነበረ ርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ ከፈቀዱ በኋላ በኮንሶሉ በኩል ተቀየረ። ማሽኑ ሲነሳ ሺፍት ተይዞ የግሩብ (የሊኑክስ ማስነሻ) ዝርዝር ይመጣል፤ «ኢ» ተጭኖ «ሊኑክስ» ብሎ በሚጀምረው መስመር ላይ «አርኦ» የሚለው «አርደብሊው» ይሆናል፣ መጨረሻው ላይ «ኢኒት=/ቢን/ባሽ» ይጨመራል፣ በኮንትሮል ኤክስ ይነሳል። ከዚያ «ፓስደብሊውዲ» ከተጠቃሚው ስም ጋር፣ «ሲንክ»፣ በመጨረሻም «ሪቡት -ኤፍ»። ቀላል ነው፤ ሰርቨር ያለበት ክፍል ቁልፍ የሚያስፈልገውም ቀላል ስለሆነ ነው።

ውስጡ ሲታይ ኡቡንቱ የተባለው ሊኑክስ 16.04 ስሪት ነው፤ መደበኛ ድጋፉ ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ላይ አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ የወጡት የደኅንነት ጥገናዎች አልደረሱትም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ የሆነው ሲቪኢ-2023-46847 የተባለ የደኅንነት ቀዳዳ ከ3.2 ጀምሮ ያሉ የስኩዊድ ስሪቶች በዳይጀስት (አንድ የይለፍ ቃል ማረጋገጫ ዘዴ) ክፍላቸው ከውጭ በተላከ ጥያቄ እንዲወድቁ ያስችል ነበር፤ የተዘጋው በ6.4 ነው። ይህ ትምህርት ቤት ዳይጀስት አይጠቀምም፤ ሆኖም ጥገና የማይደርሰው ሰርቨር ተራው መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። አፕግሬዱ የግድ የሆነው ለዚህ ነው።

ዋናው የማዋቀሪያ ፋይል /ኢቲሲ/ስኩዊድ/ስኩዊድ.ኮንፍ ሺዎች መስመሮች አሉት፤ አብዛኛው ማብራሪያ ነው። በ# የሚጀምሩትንና ባዶዎቹን «ግሬፕ -ቪ» ሲያስወግዳቸው የሚሠሩት ጥቂት ደርዘን ብቻ ይቀራሉ። እነሱ ታትመው በእስክሪብቶ አንድ በአንድ ተነበቡ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም። ሦስት ነገር ወጣ።

አንደኛው የረፋዱን ዝግታ ይገልጻል። ዲስክ ላይ ያለው ካሽ (የወረዱ ፋይሎች ለድጋሚ የሚቀመጡበት ቦታ) 60000 ሜጋባይት፣ ራም ላይ ያለው «ካሽ_ሜም» 1024 ሜጋባይት ተብሏል። ስኩዊድ ዲስክ ላይ ለሚያስቀምጠው እያንዳንዱ ጊጋባይት ማውጫውን የሚይዘው ራም ላይ ነው፤ በ64 ቢት ሲስተም ወደ 14 ሜጋባይት ይወስዳል። 60 ጊጋባይት ሲሞላ ማውጫው ብቻ 840 ሜጋባይት ይሆናል፤ ከ1024ቱ ጋር 1864። ለቨርቹዋል ማሽኑ የተሰጠው ጠቅላላ ራም ደግሞ 2048 ሜጋባይት ነው። ለራሱ ለሲስተሙና ለ45 ኮምፒውተሮች ግንኙነት የተረፈው ከ200 ሜጋባይት ያነሰ ስለሆነ ማሽኑ ዲስክን እንደ ራም ወደ መጠቀም ይገባል። «ፍሪ -ኤም» ሲታይ ይህ የዲስክ ቦታ፣ ማለትም ስዋፑ፣ ሞልቶ ነበር። ካሽ ባደገ ቁጥር ይፈጥናል ብሎ ማሰብ የተለመደ ስህተት ነው፤ ከራሙ ጋር ካልተመዛዘነ ትልቅ ካሽ ራሱ ሸክም ነው።

ሁለተኛው፣ የተከለከሉ ድረ ገጾች ዝርዝር በፋይል ተቀምጦ «ኤችቲቲፒ_አክሰስ ዲናይ» ተጽፎለታል፤ ግን የተጻፈው ተማሪዎቹን ከሚፈቅደው «አላው» መስመር በታች ነው። ስኩዊድ ከላይ ወደ ታች ያነብና የመጀመሪያው የተስማማ መስመር ላይ ይቆማል። ስለዚህ ክልከላው ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ ሠርቶ አያውቅም።

ሦስተኛው «ዲኤንኤስ_ቪ4_ፈርስት ኦን» የሚል መስመር ነው። ይህ ትእዛዝ በስኩዊድ 5 ተነስቷል፤ አዳዲሶቹ ስሪቶች በአይፒቪ4ና በአይፒቪ6 ጎን ለጎን ሞክረው የቀደመውን ይወስዳሉ።

ላዩ ላይ ማሳደግ ወይስ አጠገቡ አዲስ መትከል

በኡቡንቱ ደንብ 16.04 በአንድ ዝላይ 24.04 አይደርስም። 18.04፣ 20.04፣ 22.04 እያለ አራት ጊዜ መዝለል አለበት፤ በእያንዳንዱም ብዙ መቶ ሜጋባይት ይወርዳል፣ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ሲስተሙ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ደግሞም ሰርቨሩ ያው የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ይቀራል። አዲስ አጠገቡ መትከል ብቻ ነው የሚያዋጣው፤ አሮጌው እየሠራ አዲሱ ይሞከራል፣ ካልሆነም አሮጌው ይመለሳል። በእኛ ግምት ለጀማሪ ሁልጊዜም ይህ መንገድ ይሻላል።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ 8 ጊጋባይት ራምና 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ያለው ሥራ ፈት ዴስክቶፕ ተገኘ፤ ለ45 ተጠቃሚ ከበቂ በላይ ነው። ሊኑክስ ከመጫኑ በፊት ባዮሱ ውስጥ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲነሳ የሚያደርገው አማራጭ በርቶ ተሞከረ፦ ሶኬቱ ተነቅሎ ተመልሶ ተሰካ። ይህች ማስተካከያ ከተረሳች መብራት በሄደ ቁጥር የሚነሳው ስልክ የባለሙያዋ ነው። ዩፒኤስም ተጨመረ፤ ድንገተኛ መቋረጥ የካሹን መዝገብ ያበላሻል።

ኡቡንቱ ሰርቨር 24.04 በ8 ጊጋባይት ፍላሽ ተጫነ፤ መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. እስከ 2029 ይዘልቃል። የኔትዎርክ ቅንብሩ በሚጻፍበት በኔትፕላን ፋይሉ ለሙከራው ጊዜ ቋሚ አድራሻ 192.168.10.6 ተሰጠው። ከዚያ «ሱዱ አፕት አፕዴት»፣ «ሱዱ አፕት ኢንስቶል ስኩዊድ»። 24.04 ሲወጣ ይዞት የመጣው ስኩዊድ 6.6 ነው። ባለሙያዋ ከዚህ የበለጠ ቁጥር ያለው ስሪት አይታ ከምንጩ ኮምፓይል ላድርግ ወይ ብላ ጠይቃለች። አያስፈልግም። የኡቡንቱ ጠባቂዎች የደኅንነት ጥገናዎችን ወደዚሁ ስሪት ስለሚመልሱ ዋናው ቁጥር ሳይለወጥ ከሰረዙ በኋላ ያለው ጭራ ብቻ ያድጋል፤ «አፕት ፖሊሲ ስኩዊድ» ያሳያል። በእጅ የተገነባ ስኩዊድ ግን ጥገናው ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ ያ ሰው ሲለቅ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

አዲሱ ማዋቀሪያ

አሮጌው ፋይል ወደ አዲሱ አልተገለበጠም። አዲሱ ፓኬጅ ዋናውን ፋይል ሳይነኩ የራስን መስመር የሚያስቀምጡበት /ኢቲሲ/ስኩዊድ/ኮንፍ.ዲ የሚባል ፎልደር አለው። ዋናው ፋይል ይህን ፎልደር የሚጠራው ሁሉን ከሚከለክለው መስመር በፊት ስለሆነ ፈቃዶቹ ትክክለኛ ቦታቸው ላይ ይገባሉ። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ ዋናውን ፋይል ከፍተው መጨረሻው ላይ ይጽፋሉ፤ «ዲናይ ኦል» ካለፈ በኋላ የተጻፈ ፈቃድ ደግሞ የሚያነበው የለም።

ስኩል.ኮንፍ በተባለ ፋይል ውስጥ ቅደም ተከተሉ ይህ ሆነ። የኔትዎርኩ መግለጫ «ኤሲኤል ስኩልኔት ኤስአርሲ 192.168.10.0/24»። የተከለከሉት ዝርዝር፣ ወዲያው የሱ «ዲናይ»። ከዚያ «ኤችቲቲፒ_አክሰስ አላው ስኩልኔት»። ከዚያ «ካሽ_ሜም 512 ኤምቢ»፣ «ማክሲመም_ኦብጀክት_ሳይዝ 512 ኤምቢ»፣ ቀጥሎ «ካሽ_ዲር ዩኤፍኤስ /ቫር/ስፑል/ስኩዊድ 20000 16 256»። የፋይል መጠን ወሰኑ ከካሽ_ዲር በላይ መጻፍ አለበት፤ በታች ከሆነ ለዚያ ካሽ አይሠራም፣ 4 ሜጋባይቱ ነባር ወሰን ይቀራል። 20 ጊጋባይት በ14 ሲባዛ 280 ሜጋባይት ነው፤ ከ512 ጋር 792። 8 ጊጋባይት ላይ ይህ ቀላል ነው።

ካሹ ለምን አነሰ? ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ ኤችቲቲፒኤስ ነው፤ ስኩዊድ ውስጡን አያይም፣ መሿለኪያ ከፍቶ ያሳልፈዋል እንጂ አያስቀምጠውም። ካሹ የሚጠቅመው በግልጽ ኤችቲቲፒ ለሚወርዱት እንደ ኡቡንቱ ፓኬጆችና አንዳንድ የዊንዶውስ ዝማኔዎች ነው። ዝማኔዎቹ በቁርጥራጭ ስለሚጠየቁ «ሬንጅ_ኦፍሴት_ሊሚት» የሚለውን ክፍት አድርጉ የሚል ምክር ይሰጣል። በጠባብ መስመር ላይ አንመክረውም፤ አንድ ኮምፒውተር ጥቂት ኪሎባይት ሲጠይቅ ስኩዊድ ሙሉውን ፋይል ያወርዳል፣ አርባ ኮምፒውተሮች በየፊናቸው ሲጠይቁ መስመሩ ይታነቃል። ኤችቲቲፒኤስን ፈትቶ ማየትም ይቻላል፤ ግን በየኮምፒውተሩ የምስክር ወረቀት መጫን ይጠይቃል፣ የሠራተኞችን የባንክና የግል ገጾችም ያጋልጣል። ለትምህርት ቤት አይገባም።

«ሻትዳውን_ላይፍታይም 5 ሰከንድስ» ተጨመረ፤ ያለዚያ ስኩዊድ ሲቆም እስከ 30 ሰከንድ የተከፈቱ ግንኙነቶችን ስለሚጠብቅ ጀማሪ ተሰቅሏል ብሎ ያስባል። የተጠቃሚዎች የይለፍ ቃል ፋይልም ከአሮጌው መጣ። እዚህ አንድ ነገር ተደናቀፈ፦ ፋይሉ በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ መለያ) ስለተገለበጠ ባለቤቱ ሩት፣ ፈቃዱ 600 ሆኖ ነበር። ስኩዊድ የሚሠራው ግን ፕሮክሲ በሚባል ተጠቃሚ ስም ነው፤ ፋይሉን ማንበብ ስላልቻለ ትክክለኛ ይለፍ ቃል ያስገባውንም ሰው ደጋግሞ ይጠይቅ ነበር። ቡድኑ ፕሮክሲ፣ ፈቃዱ 640 ሲሆን ተፈታ።

ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ «ሱዱ ስኩዊድ -ኬ ፓርስ» ይሠራል። ስህተት ያለበትን መስመር ቁጥር ይናገራል። ዲኤንኤስ_ቪ4_ፈርስት ለሙከራ ገብቶ ሲታይ ጊዜው እንዳለፈ ተናግሮ አለፈው፤ ስለዚህ ወጣ። የካሽ_ዲር ለውጥ ሲኖር ስኩዊድ ይቆማል፣ «ሱዱ ስኩዊድ -ዜድ» ፎልደሮቹን ይፈጥራል፣ ይነሳል። የተቀረው በ«ሱዱ ሲስተምሲቲኤል ሪሎድ ስኩዊድ» ይበቃል።

ሙከራውና ርክክቡ

አንድ ኮምፒውተር ብቻ በእጅ ወደ 192.168.10.6:3128 ተዛወረ። ሰርቨሩ ላይ «ሱዱ ቴይል -ኤፍ /ቫር/ሎግ/ስኩዊድ/አክሰስ.ሎግ» ተከፍቶ እያንዳንዱ ጥያቄ ሲያልፍ ይታያል። አራተኛው ዓምድ ነው የሚነበበው፦ «ቲሲፒ_ተነል/200» ኤችቲቲፒኤስ በሰላም አለፈ፤ «ቲሲፒ_ሚስ» ከውጭ መጣ፤ «ቲሲፒ_ሂት» ከካሽ ተሰጠ፤ «ቲሲፒ_ዲናይድ/403» ተከለከለ። የተከለከለ የኤችቲቲፒኤስ ገጽ ሲከፈት የስኩዊድ ማስጠንቀቂያ ገጽ አይመጣም፤ ብሮውዘሩ የራሱን የግንኙነት ስህተት ያሳያል። ይህ ለመምህራኑ አስቀድሞ ካልተነገረ «ኢንተርኔት ተበላሽቷል» የሚል ስልክ ይበዛል።

ርክክቡ ቅዳሜ ከሰዓት ተደረገ። አሮጌው ቨርቹዋል ማሽን ተዘጋ፣ አቋራጩም ከስታርትአፕ ወጣ፤ አለዚያ ሰኞ ጠዋት ሠራተኛዋ ስትገባ ሁለት ሰርቨሮች በአንድ አድራሻ ይጋጩ ነበር። አዲሱ አድራሻውን ወደ 192.168.10.5 ለወጠ፤ ኮምፒውተሮቹ ላይ ምንም አልተነካም።

ውጤቱ ግን ግራ አጋባ። ከኮምፒውተሮቹ ወደ ፕሮክሲው ፒንግ ይሄዳል፤ ገጽ ሲከፈት ደግሞ መገናኘት አልተቻለም የሚል የስኩዊድ ስህተት ይመጣል። ከሰርቨሩ ወደ ራውተሩ ፒንግ ሲደረግ መልስ የለም። ቀድሞ በ10.6 ሲሠራ ስለነበር ኬብሉም ስኩዊዱም ደህና ናቸው፤ የተለወጠው አድራሻው ብቻ ነው። ራውተሩ ላይ 192.168.10.5 ከአሮጌው ማክ ቁጥር ጋር ታስሮ ተገኘ። መልሱ በሙሉ ወደ ሌለው ቨርቹዋል ማሽን ይላክ ነበር። ማሰሪያው ላይ የአዲሱ ዴስክቶፕ ማክ ሲገባ ወዲያው ሠራ። አድራሻ በሚወርስ ማንኛውም አፕግሬድ ላይ የራውተሩ የአይፒና ማክ ማሰሪያ ከርክክቡ በፊት መታየት አለበት።

በዚያው ዕለት ራውተሩ ላይ ወደ 80 እና 443 መውጣት ለ192.168.10.5 ብቻ ተፈቀደ፤ ከፓክ ፋይሉም «ዳይሬክት» ወጣ። ከእንግዲህ ፕሮክሲው ሲቆም ሁሉም እኩል ያውቃል፤ ይህ ለጥገና ይመቻል፣ ማንም ቅንብሩን አጥፍቶ እንዳያመልጥም ያደርጋል።

ከርክክቡ በኋላ የቀረ አንድ ማስተካከያ ነበር። የኡቡንቱ ፓኬጅ የስኩዊድን ሎግ በየቀኑ እያዞረ ሁለት ቀዳሚ ቅጂዎችን ብቻ ይይዛል። ርዕሰ መምህሩ በወሩ መጨረሻ የአጠቃቀም መረጃ ስለሚፈልጉ /ኢቲሲ/ሎግሮቴት.ዲ/ስኩዊድ ውስጥ «ሮቴት 2» የሚለው «ሮቴት 35» ሆነ። የዲስኩን ይዞታ በየሳምንቱ በ«ዲኤፍ -ኤች» ማየት የባለሙያዋ ሥራ ተደረገ። የአሮጌው ማሽን ቅጂ ለአንድ ሴሚስተር ይቆያል፤ እስካሁን ከውጫዊ ዲስኩ አልወጣም።